የቁም ጡሩምባ

ሹፌሩ ሦስተኛ ማርሽ ባስገባ ቁጥር ሲስተር ሸዋረገጥ የወንበሩን ጀርባ በጡጫ ትመታለች።

«ቀስ በል አልኩህ! የጫንከው ጀንፈል ቡና አይደለም!»

«ቅድም ፍጠን አልሽኝ፣ አሁን ቀስ በል ትይኛለሽ። የትኛዋን ሲስተር ልስማ?»

«ሁለታችንንም!»

የሚያስቅ ነገር አልነበረም። የጤና ጣቢያው አሮጌ ላንድሮቨር ከአጋሮ ወጥቶ ወደ ጂማ የሚጓዝበት ጠጠር መንገድ የሰኔ ዝናብ በልቶት ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኗል። ከኋላ በግራ ጎኗ የተኛችው ባህሪያ መኪናው ዘልሎ ባረፈ ቁጥር ዓይኗን ትጨፍናለች። ጭንቅላቷ በአማቷ በወይዘሮ ፈሂማ ጭን ላይ ነው። መዘግየት ሊገድላት ይችላል፤ መንገጫገጭም ሊገድላት ይችላል። ሸዋረገጥ ከሁለቱ የቱ እንደሚቀድም እያሰላች እጇን ከባህሪያ ሆድ ላይ አላነሳችም። ሆዱ አልፎ አልፎ እንደ ጡጫ ይጨበጣል፤ ከዚያ ይለቃል።

ባህሪያ ሁለቱን ልጆቿን የወለደችው በኦፕራሲዮን ነው። አሁን በሦስተኛው እርግዝና፣ ስምንተኛው ወር ካለፈ ወዲህ፣ ሁለት ጊዜ ደም ፈሷታል። አላመማትም። ቤተሰቡን ያዘናጋውም ይኸው ነው፤ የማያም ደም ምን ያደርጋል ብለው። ሸዋረገጥን ያስደነገጣትም ያው አለማመሙ ነበር።

«ማሎ፣ እባክሽ ሲስተር» አለች ፈሂማ። «ሁለቱ ጊዜ እኮ በራሱ ቆመ። ሦስተኛውም ኢንሻአላህ ይቆማል።»

«እማማ፣ እንግዴ ልጁ የተቀመጠው የማህፀኗ በር ላይ ነው። ሕፃኑ የሚወጣበትን መንገድ ዘግቶታል። እስካሁን የፈሰሰው ማስጠንቀቂያ ነው። በሩ በምጥ ሊከፈት ሲጀምር የሚመጣው ግን ጎርፍ ነው። ያኔ አጋሮ ብንሆን ምን ላደርግላት እችል ነበር?»

«ዱዓ።»

«ዱዓውን እርስዎ ይያዙልን፤ እኔ ደሙን ልያዝ።»

ባህሪያ ዓይኗን ሳትገልጥ ፈገግ አለች። «እማ፣ ተዪያት። ሲስተር ስትቆጣ ደስ ይለኛል። የምትቆጣው ተስፋ ሲኖራት ነው።»

ሸዋረገጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከሾላና ከዋንዛ ዛፎች ሥር ዝናብ ያጠበው የቡና ቅጠል ያብረቀርቃል። ለዓለም ቡና የሚልክ አገር ነው። ለሴቶቹ መንገድ አልሠራም።

ከላንድሮቨሩ ኋላ የባህሪያ ባል የሙሐመድሳኒ ወንድሞችና አጎት ልጆች በአይሱዙ ተከትለዋል። አምስት ጎልማሶች ናቸው። ሙሐመድሳኒ ራሱ ቡና ለመጫን ጌራ ሄዶ ነበር፤ ስልክ አይገባም፤ ሰው ተልኮበታል።

*

የጂማ ሆስፒታሉ ሐኪም ዶክተር ዮኤል ቀጭን፣ ሲናገር ጣቱን የሚቆጥር ዓይነት ሰው ነው። የአልትራሳውንዱን መስኮት ወደ ሸዋረገጥ አዞረላት።

«ይዩት፣ ሲስተር። በር መዝጋቱ ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ። ይኸ የድሮው ቁስል ጠባሳ ነው። እንግዴ ልጁ ጠባሳው ላይ ሥር ሰዷል። ተላቅቆ የሚወጣ አይመስለኝም።»

«ቢጎተትስ?»

«ሥሩ ከነአፈሩ ነው የሚነቀለው። አልጎትተውም።» ጓንቱን አወለቀ። «ማህፀኑን ከፍ ብዬ፣ እንግዴ ልጁ በሌለበት በኩል እከፍታለሁ። ሕፃኑን አወጣለሁ። እንግዴ ልጁን ሳልነካው ከታች በላስቲክ አስራለሁ፣ የደም ሥሮቹን እቋጥራለሁ፣ ከዚያ ማህፀኑን ከነእንግዴ ልጁ አወጣለሁ። ሌላ መንገድ የለም።»

«መቼ?»

«ዛሬ። ምጡ ጀምሯል፤ ከሰዓት በኋላ ሳይገፋ። ግን ያለ ደም ቢላ አላነሳም። ማቀዝቀዣው ውስጥ ለሷ የሚሆን ያለው ሁለት ከረጢት ነው። ስምንት እፈልጋለሁ። የሷ ደም ኦ ነው፤ ከኦ በቀር አይቀበልም።»

«ከከፈቱ በኋላ እየፈለግን ብናመጣስ?»

ዮኤል ቀና ብሎ አያት። «ባለፈው ዓመት እንደዚያ አደረግሁ። ደሙ መጣ፤ እሷ ግን አልጠበቀችም። ደም ከፈሰሰ በኋላ የሚሮጥ ሐኪም ለቅሶ ደራሽ ነው፣ ሲስተር። እኔ ለቅሶ ደርሻለሁ፤ በቅቶኛል።»

ማህፀኗ ይወጣል የሚለውን ቃል ፈሂማ በሰማች ጊዜ ከወንበሯ ተነሳች። «አይሆንም! ልጄ በሌለበት? ሁለት ሴት ልጅ ብቻ ነው ያለው! መጥቶ ይወስን!»

«መጥቶ የሚወስነው ስለ ቀብሯ ይሆናል» አለች ሸዋረገጥ፤ ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ከበዳት።

ባህሪያ ከአልጋው ላይ እጇን ዘረጋች። «ወረቀቱን አምጡልኝ። ማህፀኑ የማን ነው? የሙሐመድሳኒ ነው እንዴ? እሱ የተሸከመው ቡና ነው።» ፈረመች። ከዚያ የአማቷን ቀሚስ ጫፍ ያዘች። «እማ፣ ሁለቱ ልጆች እናት ይሻላቸዋል ወይስ ወንድም?»

ፈሂማ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ቁጭ ብላ መቁጠሪያዋን አወጣች።

ሸዋረገጥ ደም ለማስለገስ ወደ ግቢው ስትወጣ አምስቱ ጎልማሶች በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ቆመው ነበር። ደም አስፈለገ ስትል ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። መጀመሪያ ደማችሁ ይመረመራል ስትል ግን ነገር ተበላሸ። አንደኛው አይሱዙውን ከበሩ ሊያነሳ ሄደ። ሁለቱ ለሰላት ሄዱ። ሌላው ቁርስ አልበላሁም አለ። የመጨረሻው፣ ሀቢቡላህ የሚባለው፣ ወደ ጫማው ሲያይ ቆየና እሱም አካፋው መኪና ላይ ቀርቷል የሚል፣ ማንም ያልጠየቀውን ነገር ተናግሮ ጠፋ።

ደም መስጠት አልነበረም ያስፈራቸው። ምርመራው ነው። በዚያ ዘመን ኤድስ ያለበት ሰው ከሞቱ በፊት ስሙ ነበር የሚቀበረው። ላቦራቶሪ ገብቶ ደም ሳይሰጥ የወጣ ሰው፣ በሩ ላይ የቆሙት ዘመዶቹ በዓይናቸው ፈርደው ይጨርሱታል።

ስለ ደም ግን ምን ያህል ይወራ ነበር! የ1997 ምርጫ ግንቦት አልፎ ሰኔ ገብቷል፤ ሬዲዮው ደም፣ ጋዜጣው ደም። ገዢው ስለ ሰማዕታቱ ደም ይዘምራል፣ ተቃዋሚው ስለ ሕዝቡ ደም ይምላል። ለድንበር፣ ለባንዲራ፣ ለወንበር የፈሰሰ ደም በየመድረኩ ይቀዳል። ለአንዲት የአጋሮ ሴት የሚሆን ስድስት ከረጢት ግን በዚያ ሁሉ ዲስኩር ውስጥ አልነበረም።

ሸዋረገጥ ጋዋኗን ሳታወልቅ ወደ ከተማው ገበያ ልትሄድ ባጃጅ ውስጥ ገባች። «መርካቶ! ይኸኛው ግን ይፍጠን!»

*

ሻምበል ሣህሉ ታላቅ ወንድሟ ነው። በ1983 ጦሩ ሲበተን መለዮውን አውልቆ፣ የተሐድሶ ካምፕ ከርሞ፣ በእግሩ ጂማ ገባ፤ መርካቶ ውስጥ የእህል ሱቅ ከፈተ። ማዕረጉን መንግሥት ገፈፈው፤ እድሩ መለሰለት። የአዌቱ ዳር እድር ዳኛ ሆኖ ከተመረጠ ወዲህ ሻምበል ብሎ የማይጠራው የቀበሌው ሊቀመንበር ብቻ ነው። እድሩ እስላምና ክርስቲያን አንድ ላይ የሚያስተዛዝን ነው። የፈሂማ ሟች ባል መሥራች አባል ነበር፤ እሷም ልጇን ተከትላ አጋሮ ከሄደች በኋላ እንኳ መዋጮዋን አላቋረጠችም።

የሐሙስ ገበያ ቀን ነው። ሣህሉ የጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ከጎኑ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ሸምሰዲን ጫት ይቀነጥባል።

«ማን ሞተ?» አለ ሣህሉ፣ እህቱን በነጭ ጋዋን ሲያያት።

«ማንም።»

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ እንግዲያው።»

ቆማ ነገረችው። ሣህሉ እስክትጨርስ አላቋረጣትም። ጨረሰች።

«ምን ላድርግ ነው የምትይኝ፣ ሸዋዬ?»

«ጡሩምባ አስነፋልኝ።»

ሸምሰዲን ቅጠሉን ከአፉ አወጣ።

«ጡሩምባ የሚነፋው ለሞተ ነው» አለ ሣህሉ። «መተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ…»

«ብትሞትስ ይነፋላታል?»

«ያለ ጥርጥር! የአባላችን ምራት ናት።»

«ድንኳኑም ይወጣል?»

«ይወጣል።»

«ሰዉ ሁሉ ገበያውን ጥሎ ይመጣል?»

«ሳይወድ በግዱ!»

«እንግዲያው እሷ የሚያስፈልጋት ያ ሰው ነው፤ የሚያስፈልጋት ግን ዛሬ ነው። አንተ ግን ሞተሽ ነይ በያት እያልከኝ ነው፣ ጋሼ። ሞታ ትምጣ፣ ያኔ እናከብራታለን!»

«ሟርት ነው! በቁም ሰው ላይ የሞት ጡሩምባ? አማቷ ብትሰማ ምን ትለኛለች?»

«አያታችን ሳይሞቱ ተዝካራቸውን አላወጡም? ካህናቱ በልተው፣ ጠጥተው፣ እሳቸው ራሳቸው መሐል ተቀምጠው? የቁም ተዝካር ካለ የቁም ጡሩምባ ለምን አይኖርም?»

ሸምሰዲን ሳቀ። «ወላሂ፣ ሻምበል፣ ሲስተር ጠበቃ መሆን ነበረባቸው። እኔ በበኩሌ ሰምቶ አመሰግናለሁ የሚለኝ ሰው አግኝቼ አላውቅም። ሁሉም ከነፋሁለት በኋላ ዝም ነው።»

«አንተ ዝም በል!» ሣህሉ ተነስቶ ሱቁ በር ላይ ቆመ። ጀርባውን ለሷ ሰጥቶ ገበያውን አየ። በቀደም ሊቀመንበሩ አቶ ጥላሁን የእድር ዳኞችን ሰብስቦ፣ ያለ ፈቃድ ስብሰባ አይደረግም፣ እድርም ቢሆን፣ ብሎ ነበር። ሠርግ እንኳ ፈቃድ ይጠየቅበታል። ያልተከለከለ አንድ ጉባኤ ቢኖር ለቅሶ ነው። ሣህሉ ይኸን ሲያስብ አንገቱ ሲቀላ እህቱ ከኋላ አየችው። ከልጅነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ አንገቱ ከቀላ ነገሩ ተወስኗል።

«ሸምሰዲን!»

«አቤት ሻምበል!»

«ጡሩምባህን ይዘህ ውጣ። ሞተች እንዳትል። አልሞተችም እንዳትልም፤ በሐሙስ ገበያ ለቁም ሰው ሚዛኑን የሚያስቀምጥ ነጋዴ አልተወለደም። ስሟን ብቻ ጥራ። ኃጢአቱ በኔ ይሁን።»

*

የእድሩ ጡሩምባ የራሱ ሥርዓት አለው። መጨረሻ ላይ ሁለት አጭር ከሆነ ሟቹ ክርስቲያን ነው፤ አንድ ረጅም ከሆነ እስላም። የእስላም ቀብር በዕለቱ ስለሆነ ቀባሪ የተመደቡት ወጣቶች ረጅሙን እንደሰሙ ዝርዝር ሳይጠብቁ ዶማና አካፋቸውን ይዘው ወደ መካነ መቃብሩ ይሮጣሉ። የዘገየ ይቀጣል። ሣህሉ ስለ ቃሉ ሲጠነቀቅ ስለ ድምፁ ምንም አላዘዘም።

ሸምሰዲን ደግሞ ሃያ ዓመት የነፋ ሰው ነው።

«የፈሂማ ምራት! የሙሐመድሳኒ ሚስት፣ ባህሪያ! እድርተኛ ሁሉ ወደ እድሩ ቤት!» ካለ በኋላ ከንፈሩ በልማድ ረጅሙን ነፋ።

ገበያው ተናጠ። ሚዛን ከነእህሉ ተቀመጠ፤ ጆንያ ላይ ሸማ ጣል ተደረገ። ሴቶች ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው፣ ወንዶች ኮፍያቸውን አውልቀው የእድሩን ቤት ግቢ ሞሉት። አንዳንዷ ከወዲሁ ደረቷን ይዛለች። ሣህሉ የተጠቀለለው ድንኳን ላይ ወጣ።

«ማን ሞተ? ባህሪያ በምን ሞተች?»

«የሞተ የለም!»

ግቢው ፈነዳ።

«ምን አልክ?»

«ሻምበል ሰክሯል!»

«ስኳሬን ሜዳ ላይ በትኜ ነው የመጣሁት!»

እንጀራ ነጋዴዋ ወይዘሮ ንግስት ወደ ፊት ገፍታ መጣች። «ሣህሉ! በሞት ይቀለዳል? አንተ ሽማግሌ አይደለህም?»

«አልቀለድኩም!» ድምፁ ከጦሩ ሜዳ የመጣ ነበር። «ነገ ሞታ ይኸንኑ ጡሩምባ ባስነፋ ትመጡ ነበር! ድንኳን ትተክሉ፣ ንፍሮ ትቀቅሉ፣ ሦስት ቀን ሜዳ ላይ ትተኙ ነበር! የሞተን ሰው ለማክበር ከኛ የሚበልጥ በምድር ላይ የለም! የቁም ሰውን ለማዳን ግን ፈቃድ እንጠይቃለን! ሴትየዋ ሆስፒታል ተኝታለች። ሐኪሙ ቢላውን ይዞ ቆሟል። የጎደለው ደም ነው። ደም! እናንተ ጋ ያለ፣ በነጻ የተሰጣችሁ!»

ማንም አልተነቃነቀም። ቁጣው በረደ፤ ሰዉ ግን ወደ ጫማው ማየት ጀመረ። ሸዋረገጥ ያንን ፍርሃት ጠዋት በሆስፒታሉ ዛፍ ሥር አይታዋለች። ድንኳኑ ላይ ወጣች፤ ወንድሟ እጇን ይዞ ደገፋት።

«ስሙኝ። የምትፈሩትን አውቃለሁ። ደም ይመረመራል፤ ውሸት አልነግራችሁም። ግን አንድ አንድ ሆናችሁ ትገባላችሁ። የሰጠም፣ ደሙ ያልሆነም፣ ደሙ ያነሰም፣ የገባ ሁሉ ክንዱ ላይ ጥጥና ፕላስተር ለጥፎ ይወጣል። እኔ ራሴ ነኝ የምለጥፈው። ማን እንደሰጠ፣ ማን እንዳልሰጠ ከበሩ ውጭ የሚያውቅ አይኖርም። ለባል አልናገር፣ ለሚስት አልናገር፣ ለንስሐ አባቴም አልናገር!»

«ለሸምሰዲን ግን እንዳትናገሪ» አለ አንዱ ከኋላ፤ «ይነፋዋል!»

ሳቅ ተነሳ። ከሳቁ መሐል በሩ በኃይል ተከፈተና አቶ ጥላሁን ሁለት ሚሊሻ አስከትሎ ገባ።

«ይኼ ምን ስብሰባ ነው?»

«ስብሰባ አይደለም፤ ለቅሶ ነው» አለ ሣህሉ።

«የሞተው ማን ነው?»

«ገና አልሞተችም።»

ጥላሁን ፊቱ ተለዋወጠ። «አቶ ሣህሉ! በዚህ ወቅት፣ ሕዝብ በሐሰት ሰብስበህ…»

«ሻምበል ሣህሉ።»

«…ትጠየቅበታለህ! በትኑ!»

«ሊቀመንበር» አለች ንግስት፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ያንተ ደም ምንድን ነው?»

«ምን?»

«ዓይነቱ። ኦ ነው?»

ሊቀመንበሩ ወደ ሚሊሻዎቹ ሲዞር ንግስት ነጠላዋን አስተካክላ ወደ በሩ ሄደች። «እኔ ሰባት ወልጃለሁ፤ ከኔ ያልወጣ ደም የለም። ትንሽ ቢጨመር ምን ይሆናል? ተነሱ!» ከኋላዋ ሴቶቹ፣ ከሴቶቹ ኋላ በሐፍረት ወንዶቹ ወጡ። የሄዱት በቀብር ሰልፍ ነው፤ ሌላ ሰልፍ አያውቁም። አስከሬን የሌለው፣ ሙሾ የሌለው ሰልፍ በመርካቶ ጫፍ አልፎ ወደ ሆስፒታሉ አቀበት ሲወጣ፣ መንገደኛው ሁሉ እንደ ወጉ እየቆመ አሳለፈው። ጥላሁን ማን ማን እንዳለበት ሊያይ ከነሚሊሻዎቹ ከኋላ ተከተለ።

*

ሸዋረገጥ እንደማለችው አደረገች። የላቦራቶሪው ባለሙያ ከመጋረጃው ኋላ ይቀዳል ወይም አይቀዳም፤ እሷ ለሁሉም ጥጡን ትለጥፋለች። ጓሮው ክንዱን አጥፎ በያዘ ሰው ተሞላ። ሣህሉ ገብቶ ወጣ። ሸምሰዲን «ትንፋሼን ለሥራዬ አስቀሩልኝ» እያለ ገባ። ወደ መጨረሻው ላይ ሀቢቡላህ፣ ያ ጠዋት አካፋ ፍለጋ የጠፋው፣ አንገቱን ደፍቶ መጋረጃውን ገለጠ።

«ሲስተር፣ እውነት ለሁሉም ነው የምትለጥፉት?»

«ክንድህን አምጣ፣ ወንድሜ።»

የመጨረሻው ከረጢት ተመርምሮ ሲያልፍ ዶክተር ዮኤል ስምንቱን ከረጢት በዓይኑ ቆጠረና እጁን ሊታጠብ ሄደ። ሕፃኑን የሚቀበል ሰው ስላስፈለገ ሸዋረገጥ አብራው ገባች።

ባህሪያ ማደንዘዣው ሳይጀምር ፊቷን ወደሷ አዞረች። «ውጭ ድምፅ ሰማሁ። ብዙ ሰው ነው?»

«ብዙ ነው።»

«ለኔ ነው?»

«ላንቺ ነው።»

«በቁሜ አየሁት፣ አልሐምዱሊላህ» አለችና ዓይኗን ከደነች።

ዮኤል ከፍ ብሎ ከፈተ። ከሥር፣ በድሮው ጠባሳ ላይ፣ ወይን ጠጅ የመሰሉ እንደ ጣት የወፈሩ ደም ሥሮች ተጠላልፈው ይታያሉ። አልነካቸውም። እጁን አስገባና ሕፃኑን በእግሩ ያዘው። ሸዋረገጥ በጨርቅ ተቀበለች፤ አሸችው፤ አፉን ጠረገች። አለቀሰ። ወንድ ነው። ለቅሶው የመጣው በዚያ ቀን ከተለቀሰው ሁሉ የተለየ ሆኖ ነበር፤ ማንም ዝም በል አላለውም።

«እትብቱን ቋጥሬ እመልሰዋለሁ» አለ ዮኤል። «ማንም እንዳይጎትት።»

ከታች በላስቲክ አሰረ። መጀመሪያ ግራውን፣ ከዚያ ቀኙን የደም ሥር ያዘ። ከፊኛዋ በኩል ሲላቀቅ አንዱ ሥር አመለጠው። ደሙ በአንድ ጊዜ ሞላ፤ የዮኤል ጣቶች ከዓይን ጠፉ። ሸዋረገጥ ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ይህችን ደቂቃ ታውቃታለች። በሌላ ቀን፣ በሌላ ሴት ላይ፣ በዚህች ደቂቃ ነርሷ ትሮጥ ነበር፣ አንዱ የደም ባንኩን በር ይደበድብ ነበር፣ ባል ግቢ ውስጥ ይጮህ ነበር።

«ሁለተኛውን ስቀሉ» አለ ዮኤል፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ። «ሦስተኛውን አሙቁ።»

ከረጢቱ ተሰቀለ። ማንም አልሮጠም። የዮኤል ጣቶች በጥልቁ ሲዳብሱ፣ ሲዳብሱ ቆዩና ቆሙ። «ያዝኩት። ክር።»

አምስተኛው ከረጢት ሲገባ ማህፀኑ ከነእንግዴ ልጁ በሳህን ላይ ነበር። የደም ግፊቷ ወርዶ ነበር፤ ተመለሰ። ዮኤል ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጓንቱን አወለቀ። የቀሩት ከረጢቶች ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ወደነሱ እያየ «ተርፈው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው» አለ።

*

ሸዋረገጥ ሕፃኑን ታቅፋ ወደ ኮሪደሩ ስትወጣ ሙሐመድሳኒ ከደረጃው ወጣ። ከጌራ ቡናውን ሳይጭን ነው የበረረው። ከተማ ሲገባ መኪናውን ያስቆመው የገበያው ሰው ነበር፤ ጡሩምባው ሲነፋ የሰማ፣ ድንኳኑ ላይ የተባለውን ያልሰማ ሰው። መጀመሪያ ሆስፒታል አልመጣም፤ በቀጥታ ወደ መካነ መቃብሩ ሄደ። ቀባሪዎቹ ረጅሙን ጡሩምባ ሰምተው ቆፍረው ሊጨርሱ ተቃርበው ነበር። ዶማውን ከእጃቸው ተቀብሎ የቀረውን ራሱ ቆፈረላት። አሁን እስከ ክርኑ ቀይ አፈር ነው። አስከሬኗን ሊወስድ ብብቱ ሥር ነጭ ከፈን ይዟል።

«የት አስቀመጣችኋት?» አለ። ድምፁ ባዶ ነው።

ሸዋረገጥ በመጀመሪያ አፈሩን፣ ቀጥሎ ከፈኑን አየች፤ ነገሩ ገባት።

«ሙሐመድሳኒ፣ እጅህን ታጠብ።»

«የት ናት አልኩ!»

«ሂድና እጅህን ታጠብ! ልጅ በአፈር እጅ አይያዝም! ሚስትህም ከማደንዘዣው ስትነቃ የመቃብር አፈር አታይብህም!»

ሙሐመድሳኒ እንደ ተመታ ሰው ግድግዳውን ይዞ ወረደና መሬት ላይ ተቀመጠ። ፈሂማ ከኋላ መጥታ የልጇን ራስ ወደ ሆዷ ሳበች። «ኢልማ ኮ» ትለዋለች፤ «ልጄ፣ ልጄ፣ አለች እኮ። አለች።»

ግቢው ውስጥ ግን ሌላ ጭንቅ ተነስቶ ነበር። የተቆፈረ መቃብር ባዶውን አያድርም፤ ባዶውን ያደረ መቃብር ሰው ይጠራል ይባላል። ሙሐመድሳኒን ተከትለው የመጡት ቀባሪዎች ዶማቸውን ተደግፈው ወደ ሣህሉ ያያሉ። ሸምሰዲን ከንፈሩን በእጁ ሸፍኗል፤ የማን ጥፋት እንደሆነ ገብቶታል። «ሻምበል፣ ከንፈሬ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» ይላል።

ሣህሉ የመተዳደሪያ ደንቡን አንቀጾች በጣቱ መቁጠር ጀመረ።

መልሱን ያመጣችው ፈሂማ ናት። ከኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ ቆማ፣ ጠዋት ይውጣ አይውጣ ብላ የተሟገተችለትን ማህፀን ስጡኝ አለች። እንግዴ ልጅ ሁልጊዜም ይቀበራል፤ ከሰው የተለየ አካልም ይቀበራል። ሸዋረገጥ በሳህን አመጣችላት። ፈሂማ ከልጇ ብብት ከፈኑን ወስዳ፣ ቀድዳ፣ በሁለት እጇ ጠቀለለችው።

«ለባህሪያ የተቆፈረ ነው» አለች። «ከባህሪያ የወጣ ይግባበት።»

ሙሐመድሳኒ ታጥቦ፣ ልጁን አይቶ፣ ሚስቱ ስትተነፍስ በር ላይ ቆሞ ካዳመጠ በኋላ ጥቅሉን ተቀበለ። ሀቢቡላህና ወንድሞቹ ተከተሉት። ሁሉም ክንዳቸው ላይ ጥጥ አለ። እስላሙም ክርስቲያኑም እንደ ወጉ ግራና ቀኝ ሆኖ ወደ ግቢው በር ወረደ።

አቶ ጥላሁን በሩ ላይ ነበር። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እዚያው ቆሞ ውሏል፤ ወደ ውስጥ ግን አንድ እርምጃ አልገባም። ነጩን ጥቅል ሲያይ ባርኔጣውን ሳያውቀው አወለቀ። ከዚያ የጥቅሉ ትንሽነት ግራ አጋባው።

«የሞተው ማን ነው?» ሲል ጠየቀ።

ሙሐመድሳኒ አልቆመም። ሣህሉም አልቆመም። በሩ ላይ የቀረችው ፈሂማ ናት የመለሰችለት።

«የሞተ የለም፣ ጌታው። ገዳይ ነው የምንቀብረው።»

ሸምሰዲን ከልማዱ ጡሩምባውን ወደ አፉ አነሳ። ሻምበል ሣህሉ ጥጥ በተለጠፈበት ክንዱ እጁን ይዞ ወደ ታች አወረደው። ሰልፉ ያለ ፈቃድ፣ ያለ ድምፅ፣ ቁልቁለቱን ወረደ።